ለጤነኛው አስፋልት፣ ለሕመምተኛው ሰንሰለት!

ኅዳር 2011 ዓ.ም. ላይ “መንገድ ለሰው” ተብሎ አስፋልት ተዘጋና ሕዝቡ ሩጫውን፣ ገመድ ዝላዩን፣ ኤሮቢክሱን አቀለጠው። ሹማምንቱም ቱታ ለብሰው ከፊት ተሰለፉ፤ ካሜራም አልጠፋም። ይሁን፣ ጥሩ ነው። ስፖርት የሚጠላ የለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። መንገዱ ለሰው ከሆነ የአእምሮ ሕመምተኛው ምንድነው? ሰው አይደለም እንዴ?

በሰፈሬ አንድ ልጅ አለ። ስሙን አልጠራም፤ እናቱ የተሸከመችው ይበቃታል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያለ ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ ሰዎች እየተከታተሉኝ ነው ይላል፤ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል። እናትየው መጀመሪያ ጠበል፣ ቀጥላ ሆስፒታል ወሰደችው። (ጠበሉን አልቃወምም። ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው ይሂዱ ከሚሉት ነኝ። የምቃወመው ሰንሰለቱን ነው።) መድኃኒቱ ሠራ፤ ድምፁ ቀነሰ፣ እንቅልፍ መጣ። ነገር ግን ያ በሰፈሩ ሜዳ ኳስ ሲያንከባልል የምናውቀው ልጅ በስድስት ወር ውስጥ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። “ይሄ ሰውነት እኮ የኔ አይደለም” አለኝ አንድ ቀን። ኪኒኑን በድብቅ መጣል ጀመረ። ሕመሙ ተመለሰ፤ በሩም ተቆለፈበት።

እናት ተስፋ አትቆርጥምና “ስፖርት ይሥራ” ብላ አንድ ጂም አስመዘገበችው። ገንዘቧን ቆጥረው ተቀበሉ። በሳምንቱ “ደንበኞች ፈሩ” ብለው መለሱላት። ወደ ወጣት ማዕከል ሄደች፤ “ኃላፊነት አንወስድም” ተባለች። ልጁ እኮ በዚያ ሳምንት ያደረገው ነገር ቢኖር ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ መርገጥ ብቻ ነው!

አሁን “ይሄ የቅንጦት ጥያቄ ነው፤ መድኃኒት እንኳ መች በቅጡ ተገኘ?” የሚለኝ አይጠፋም። ቅንጦት? ኦላንዛፒን የተባለው መድኃኒት ሰው እንደሚያወፍር ሐኪሙ ሁሉ ያውቀዋል። ሃሎፔሪዶልም ጡንቻን ያገትራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል። ውፍረቱ ደግሞ ስኳርንና የልብ በሽታን ይጠራል። በቡታጅራና አካባቢው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ፣ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሕመምተኞቹ ወደ 30 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንደሚነጠቁ አሳይቷል። 30 ዓመት! ከገዳዮቹ ትልቁን ድርሻ የያዘው ተላላፊ በሽታ ነው። እንግዲህ ገጠሬውን የጨረሰው እብደቱ ሳይሆን ሥጋውን አየት የሚያደርግለት ማጣቱ ነው። “አብዷል” ከተባለ በኋላ ሳሉን ማን ያዳምጥለታል? የደም ግፊቱን ማን ይለካለታል?

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ሲድኒ ከተማ፣ ቦንዳይ በሚባል ሰፈር፣ መድኃኒት ገና የጀመሩ ወጣቶችን ለ12 ሳምንት ስፖርት አሠሯቸው፤ አመጋገብ አስተማሯቸው። ራሳቸው በሕመሙ ያለፉ ወጣቶችም አብረዋቸው ሠሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መሠረት ስፖርቱን የሠሩት በአማካይ 1.8 ኪሎ ሲጨምሩ፣ ያልሠሩት 7.8 ኪሎ ጨመሩ። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ ሰዎቹ ሠላሳ እንኳ አይሞሉም። ቢሆንም የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለእነዚህ ሕመምተኞች የአካል እንቅስቃሴ ከሕክምናው ጋር ይሂድ ብሏል። ሌሎች ጥናቶችም በሳምንት 90 ደቂቃ ያህል ላብ የሚያወጣ እንቅስቃሴ የሕመሙን ምልክቶች ራሱ እንደሚቀንስ ያመለክታሉ።

“ያ ፈረንጅ አገር ነው” እንዳትሉኝ። እዚሁ ሶዶ ወረዳ ሐኪም ያልሆኑ የአካባቢው ሰዎች ሠልጥነው ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ከቤተሰባቸው፣ ከሥራቸው፣ ከጎረቤታቸው ጋር እንዲቀላቀሉ ረዱ። በ2022 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ሕመምተኞቹ ራሳቸውን ችለው የመኖር አቅማቸው ተሻሽሎ ተገኘ። ያ ስፖርት አልነበረም፤ ግን ሰፈር ውስጥ፣ በሰፈር ሰው፣ በትንሽ ገንዘብ ይቻላል የሚለውን ክርክር ዘግቶታል።

ታዲያ የምንለምነው ምንድነው? ስታዲየም አልጠየቅን! በየወረዳው በሳምንት ሦስት ቀን አንድ ሰዓት፣ አንድ አሠልጣኝ፣ አንድ ነርስ፣ ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ፣ ኳስ። ዝም ብሎ “ሩጡ” ማለት እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሊቲየም የሚወስድ ልጅ ውኃ ሳይጠጣ በፀሐይ ቢሯሯጥ መድኃኒቱ ወደ መርዝነት ሊለወጥበት ይችላል፤ ነርሷ የምታስፈልገው ለዚህ ነው። ጎረቤትም መጥቶ ይጫወት። አብሮት ኳስ የተራገጠን ሰው ማን ይፈራል?

በየክፍለ ከተማው የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተነጠፈ፤ መብራቱም አማረ። እዚያ ላይ ለሚያልፍ ለተቀዳደደ ወጣት የምንሰጠው ግን ዱላና ማባረር ነው። ለኮሪደር ልማት የሚሆን ሲሚንቶ ከተገኘ ለአንድ ኳስ የሚሆን ጠፋ ማለት አያሳፍርም?

የእኛ ሰፈር ወጣት ማዕከል ከረንቡላው የሚሞቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አዳራሹ ባዶ ነው። ሄጄ አይቻለሁ። ቁልፉ ዘበኛው ጋ ነው።