የሰው ወርቅ አያደምቅ፦ የኬብል ሣጥን ወይስ የራስ መቅጃ?



ባለፈው እሑድ ከአባቴ ጋር ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ምሳ በላን። ከምግብ ቤቱ ስንወጣ አባቴ ቆም አሉና ከኪሳቸው አንድ ደብዳቤ አወጡ። የኬብል ኩባንያቸው የሣጥኑን የወር ኪራይ ሊጨምር ነው። «ልጄ፣ አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ» አሉኝ። «ይሄን ሣጥን ላቆየው ወይስ መልሼ የራሴን መቅጃ ልግዛ?»

ይህ ሣጥን በብዙዎቻችሁ ወላጆች ወይም አያቶች ቤት ይኖራል። ስለዚህ ለአባቴ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ልንገራችሁ። በመጀመሪያ ግን አንድ ታሪክ ስሙ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለተኛ ዲግሪዬን ውጭ አገር እማር ነበር። በዚያ ጊዜ አንድ የሎስ አንጀለስ ቴሌቪዥን ጣቢያ ስለ ሊትል ኢትዮጵያ አጭር ዜና አቀረበ። በዜናው ውስጥ አክስቴ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው ቡና ሲቀዱ ይታያሉ አሉ። አባቴ ዜናውን በኬብሉ ሣጥን ቀዱት። «አይዞህ፣ አላጠፋውም። ስትመጣ ታየዋለህ» ብለው በስልክ ነገሩኝ።

በአማርኛ ቡናም ይቀዳል፣ ፕሮግራምም ይቀዳል። ቡና ሲቀዳ ከጀበና ወደ ሲኒ ይወርዳል። ፕሮግራም ሲቀዳ ደግሞ ምስሉና ድምፁ ዲስክ ላይ ይቀመጣል። የሚቀዳው ዕቃ «መቅጃ»፣ የተቀዳው ነገር «ቅጂ» ይባላል።

እኔ ከመመለሴ በፊት አክስቴ አረፉ። ከዚያም ሣጥኑ ተበላሸ። የኩባንያው ሠራተኛ መጥቶ አዲስ ሣጥን ገጠመና አሮጌውን ይዞ ሄደ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም። ማታ አባቴ የቅጂዎቹን ዝርዝር ሲከፍቱ ባዶ ሆኖ አገኙት። ኩባንያው ጋ ደወሉ። «ሣጥኑ የኩባንያው ንብረት ነው፤ የተቀዳው ነገር ወደ አዲሱ አይዛወርም» የሚል መልስ ተሰጣቸው። የቴሌቪዥን ጣቢያውንም ጠየቅን፤ ዜናው አልተገኘም። እኔ እስከ ዛሬ አላየሁትም።

በኋላ አባቴ «አሮጌው ሣጥን እጃችን ላይ ቢሆን ኖሮ ታወጣው ነበር አይደል?» ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ አልችልም ነበር። በእንዲህ ዓይነት ሣጥን ውስጥ ልክ እንደ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ አለ። ሣጥኑ ግን የሚቀዳውን ነገር በሚስጥር ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ቁልፉ ደግሞ እዚያው ሣጥን ውስጥ ተደብቋል። ዲስኩን አውጥታችሁ ኮምፒውተራችሁ ላይ ብትሰኩት ትርጉም የሌለው የቁጥር ክምር ብቻ ታያላችሁ። ዛሬ አንዳንድ ኩባንያዎች ከነጭራሹ ዲስክ ያለው ሣጥን አይሰጡም፤ ቅጂው በራሳቸው ኮምፒውተሮች ላይ ይቀመጣል። ውሉ ሲቋረጥ ቅጂውም አብሮ ይሄዳል።

ታዲያ በቤታችን የቀዳነው ነገር የእኛ አይደለም እንዴ? የመቅዳት መብቱስ የእኛ ነው። የዚህ መብት ክርክር የተጀመረውም በዚህችው ከተማ ነው። በ1976 ዩኒቨርሳልና ዲዝኒ ሶኒን ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱት። ምክንያቱ ቤታማክስ የተባለው የሶኒ የቪዲዮ መቅጃ ነበር። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ጃንዋሪ 17 ቀን 1984 ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ለሶኒ ፈረደ። ሰው በነፃ የሚተላለፍን ፕሮግራም በኋላ ለማየት ብሎ ቤቱ ቢቀዳ ሕግ አልጣሰም ማለት ነው። ነገር ግን የመቅዳት መብት አለን ማለት፣ በሰው ሣጥን ውስጥ ያስቀመጥነው ቅጂ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር ይኖራል ማለት አይደለም።

አሁን ወደ አባቴ ጥያቄ እንመለስ።

የኬብል ሣጥን ጥቅም አለው። ቢበላሽ ኩባንያው ይቀይረዋል። ስፖርቱም፣ ዜናውም፣ ፊልሙም በአንድ ሪሞት ይገኛል። አረጋዊ ወላጅ ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ጉዳቱ ኪራዩ ማለቂያ የሌለው መሆኑ ነው። በወር 15 ዶላር ነው እንበል። በዓመት 180፣ በ3 ዓመት 540 ዶላር ይሆናል። ያን ሁሉ ከከፈላችሁ በኋላም ሣጥኑ የእናንተ አይደለም።

የራስ መቅጃስ? ቀድሞ የራሳችሁን መቅጃ ገዝታችሁ የኬብል ጣቢያዎችን መቅዳት ትችሉ ነበር። ኬብልካርድ የሚባል ትንሽ ካርድ ከኩባንያው ወስዳችሁ መቅጃው ላይ መሰካት ብቻ ነው። በ1999 ገበያ ላይ የዋለው ታዋቂው ቲቮም በኋላ በዚህ መንገድ ይሠራ ነበር። በ2020 ግን የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ኩባንያዎቹ ካርዱን የማቅረብ ግዴታ እንዳይኖርባቸው ወሰነ። በ2025 ደግሞ ቲቮ መቅጃ መሸጥ አቆመ። ስለዚህ ዛሬ «የራሴን መቅጃ ልግዛ» ማለት በአብዛኛው «በአንቴና ልቅዳ» ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የእኛ ከተማ ዕድለኛ ናት። የሎስ አንጀለስ ትልልቅ ጣቢያዎች የሚያሠራጩት ከማውንት ዊልሰን ተራራ ላይ ነው። ተራራው ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ከፌርፋክስ በስተሰሜን ምሥራቅ 20 ማይል ያህል ይርቃል። ትንሽ አንቴና በዚያ አቅጣጫ መስኮት ላይ ብታስቀምጡ ኤቢሲን፣ ሲቢኤስን፣ ኤንቢሲንና ፎክስን ያለ ምንም የወር ክፍያ ልታገኙ ትችላላችሁ። ረጅም ሕንፃ ከከለለው ግን ሥርጭቱ ይቆራረጣል። ስለዚህ መቅጃውን ከመግዛታችሁ በፊት አንቴናውን ብቻ ሞክሩ።

መቅጃ ስትገዙ ሦስት ነገሮችን ጠይቁ።

አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጣቢያ ይቀዳል? ይህ የሚወሰነው ውስጡ ባሉት ቱነሮች ብዛት ነው። ሁለት ቱነር ካለው ሁለት ጣቢያ ይቀዳል።

ሁለተኛ፣ የፕሮግራም ዝርዝሩ በነፃ ነው ወይስ በክፍያ? አንዳንዱ መቅጃ ያለዚያ ክፍያ ብዙም አይጠቅምም።

ሦስተኛ፣ ቅጂውን ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጥ ይቻላል? ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የራስ መቅጃ ሁሉ ይህን አይፈቅድም። ካልፈቀደ ሣጥኑ የእናንተ ቢሆንም ቅጂው እስረኛ ነው። የዲስኩ መጠን ያን ያህል አያሳስብ። ጥራት ያለው የአንድ ሰዓት ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ያህል ቢወስድ እንኳ፣ 1 ቴራባይት ዲስክ ከ100 ሰዓት በላይ ይይዛል።

ሁለቱም ሣጥኖች የማይሠሩት ነገርም አለ። ወላጆቻችን ዩቲዩብ ላይ የሚያዩአቸውን የአማርኛ ፕሮግራሞች አይቀዱም። እናታችሁ በቀን ውስጥ ብዙ ሰዓት የሚያዩት እሱን ከሆነ፣ መቅጃ ከመግዛታችሁ በፊት በደንብ አስቡበት።

ይህን ሁሉ ለአባቴ ካስረዳኋቸው በኋላ «አባባ፣ የትኛው ይሻልዎታል?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ኬብሉን ከተዉ አንዳንድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች እንደሚያመልጧቸው ያውቃሉ። «ኳሱን ከጓደኞቼ ጋር ካፌ አየዋለሁ» አሉ። «ሩጫውን ግን ቤቴ ነው የምቀዳው።»

ሩጫ ያሉት ኦሎምፒኩን ነው። በዚያው በ1984፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፈረደበት ዓመት፣ ኦሎምፒክ ሎስ አንጀለስ ተደርጎ ነበር። ኢትዮጵያ ግን ከሶቪየት ኅብረት ጋር ሆና አልተሳተፈችም። በጁላይ 2028 ኦሎምፒኩ ወደ ከተማችን ይመለሳል። የአሜሪካ አስተላላፊው ኤንቢሲ ስለሆነ በአንቴና የሚታይ ብዙ ይኖራል። አባቴ 10 ሺህ ሜትሩን ለልጅ ልጆቻቸው ቀድተው ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። «እንደ አክስትህ ዜና እንዳይሆን» አሉኝ።

አንቴናውን ባለፈው ማክሰኞ ሰቀልነው። ቅጂ ለመገልበጥ የሚፈቅድ መቅጃም አዝዘናል።

እናንተም ሣጥን ከመመለሳችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የቅጂዎቹን ዝርዝር እስከ መጨረሻው እዩ። ዘመድ ወይም ጎረቤት የሚታይበት ነገር ካለ ቴሌቪዥኑ ላይ ክፈቱትና በስልካችሁ ቅዱት። ምስሉ ቢንቀጠቀጥም፣ ድምፁ ቢያስተጋባም ግድ የለም። አባቴ ያን ቀን ስልካቸውን ቢያነሡ ኖሮ፣ እኔ ዛሬ አክስቴን ቡና ሲቀዱ አይ ነበር።

የአገራችን ሰው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። ተውሰን ያጌጥንበት ወርቅ አንድ ቀን ለባለቤቱ ይመለሳል ማለት ነው። ሣጥኑን ተከራዩ፣ ችግር የለም። የምትወዱትን ነገር ግን እዚያ ብቻ አትተዉት።

የሳምንቱ ቃላት

ኪራይ፦ በሰው ዕቃ ወይም ቤት ለመጠቀም የሚከፈል ገንዘብ።
ውል፦ ሁለት ወገኖች ተስማምተው የሚፈርሙት ወረቀት።
ንብረት፦ አንድ ሰው ወይም ድርጅት የራሱ የሆነ ነገር።
መገልበጥ፦ እዚህ ላይ፣ ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ ማስተላለፍ።