የድሮውን አኒሜ ለሚወድ ሰው አዲሱን እንዴት እንምረጥለት?

አኒሜ በመባል የሚታወቀውን የጃፓን የካርቱን ፊልም ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የወደደ ሰው ስለ አዲሶቹ ሲጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «አኒሜ ድሮ ቀረ» ይላል። ይህ አባባል በሳይንስ መጽሔት ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ ነውን? ነው እንላለን፤ ምክንያቱም ከጣዕም ልዩነት ይልቅ የአለካክ ስሕተት ይበዛበታል። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማታ ወደ ሰማይ ቀና ብለን በዓይናችን ብቻ የምናያቸውን ከዋክብት ብንመዘግብ፣ ጠፈር ከፀሐይ እጅግ በሚደምቁ ከዋክብት የተሞላ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከከዋክብት ሦስት አራተኛ ያህሉ ቀይ ድንክ የሚባሉ ትንንሽና ደብዛዛ ከዋክብት ሲሆኑ፣ ከእነርሱ መካከል ያለ መሣሪያ የሚታይ የለም ማለት ይቻላል። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ እጅግ ቅርብ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ እንኳ ያለ ቴሌስኮፕ አይታይም። ከሩቅ የሚታየው ደማቁ ብቻ ነው። በዘመንም እንዲሁ ነው። ከ1995 ዓመተ ምሕረት ዛሬ የምናስታውሰው «ጎስት ኢን ዘ ሼል»ንና «ኢቫንጌሊየን»ን ነው፤ በዚያው ዓመት ተሠርተው የተረሱትን ማንም አይቆጥራቸውም። ከዘንድሮው ግን መልካሙንም መናኛውንም ባንድነት እናያለን። እንግዲህ የአንዱን ዘመን ምርጥ ከሌላው ዘመን አማካይ ጋር አወዳድሮ «ድሮ ቀረ» ማለት፣ በዓይን የታዩትን ከዋክብት ብቻ ቆጥሮ ስለ ጠፈር ሁሉ እንደ መፍረድ ነው።

ይህን ስንል የአንጋፋዎቹን ቅሬታ ሁሉ ውድቅ ማድረጋችን አይደለም። እስከ 2000 አካባቢ ድረስ ሥዕሉ በጠራ ፕላስቲክ ላይ በእጅ ቀለም እየተቀባ በካሜራ ይነሣ ነበር። ኮምፒዩተር ይህን ሲተካ የቀለሙ ሙቀትና የፊልሙ ሸካራነት አብረው ሄደዋል፤ የሚቆጨው ሰው እውነት አለው። ነገር ግን «አዲሱ በቁጠባ የተሠራ ነው» የሚለውን አንቀበልም። የኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» በጥር 1963 በቴሌቪዥን ሲጀመር፣ በሰከንድ 24 ምስል በሚያልፍበት ፊልም ላይ አንዱ ሥዕል ለሦስትና ከዚያም ለሚበልጡ ምስሎች ሳይለወጥ ይቆይ ነበር። ቁጠባው ከቴሌቪዥን አኒሜ ጋር አብሮ የተወለደ ነው።

ከወጣቶቹም ወገን ጥፋት አለ። «ሁሉም ሰው እያየው ነው» ማለት ለአንጋፋ ተመልካች ምክንያት ሊሆነው አይችልም፤ እንዲያውም ያሸሸዋል። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው «ከድሮው ምኑን ወደድህ?» የሚለው ነው። ምሳሌ እንስጥ። በ1988 የወጣው የሂዴአኪ አኖ «ጋንባስተር» በስድስት ክፍሎች ብቻ የአንስታይንን ንድፈ ሐሳብ የልብ ሐዘን አድርጎታል። ከብርሃን ፍጥነት 99 በመቶውን ይዞ ለሚጓዝ ሰው አንድ ዓመት ሲያልፍ፣ በምድር ላይ ሰባት ዓመት ያህል ያልፋል። ወጣቷ ኖሪኮ ከጠፈር ስትመለስ የትምህርት ቤት ጓደኛዋ አድጋ፣ ልጅ ወልዳ ታገኛታለች፤ እርሷ ግን ገና ያው ወጣት ናት። ይህን የወደደ ሰው ሌላ ግዙፍ ሮቦት ያለበትን ተከታታይ ፊልም አይሻም ብለን እናምናለን። የምንጠቁመው በ2023 የጀመረውን «ፍሪረን»ን ነው። እዚያ ጠፈርም መንኮራኩርም የለም። ከሺህ ዓመት በላይ የኖረች አንዲት ጠንቋይ ከሰዎች ጋር የአሥር ዓመት ጉዞ ታደርጋለች፤ ለእርሷ አጭር ሽርሽር የሆነው ለእነርሱ የወጣትነት ዘመን ነበር። ከጓደኞቿ አንዱ አርጅቶ ሲሞት፣ እርሱን ለማወቅ አለመጣሯ ድንገት ይገባታል። ሁለት ሰዓቶች በተለያየ ፍጥነት ሲቆጥሩ በመካከላቸው ያለ ፍቅር ምን ይሆናል? ጥያቄው የ«ጋንባስተር» ጥያቄ ነው፤ ፊዚክሱ ብቻ ተነሥቶለታል።

«ካውቦይ ቢቦፕ»ን ለወደደ ደግሞ «ፕላኔቴስ» አለ። የ2003 ሥራ በመሆኑ አዲስ ለማለት ያዳግታል፤ ሆኖም በ1990ዎቹ ላይ ላቆመ ተመልካች አዲስ ነው። ጀግኖቹ በ2075 የጠፈር ጥራጊ የሚለቅሙ፣ ክብርም በቂ በጀትም የሌላቸው ሠራተኞች ናቸው። ጉዳዩ ቀልድ አይደለም፤ 10 ግራም የምትመዝን ብሎን በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትር ብትጋጭ ጉልበቷ 500,000 ጁል ይሆናል፤ ይህም አንድ ሺህ ኪሎ የሚመዝን መኪና በሰዓት 114 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚኖረው ነው። (ተማሪዎቻችን ስሌቱን ራሳቸው ይሞክሩት።) ፊልሙ ከታየ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በየካቲት 2009፣ የአሜሪካው ኢሪዲየም 33 እና የሩሲያው ኮስሞስ 2251 ሳተላይቶች በእርግጥ ተጋጭተዋል።

በ2023 የቀረበው ባለ ስምንት ክፍሉ «ፕሉቶ» ብዙ ማስረጃ አይሻም፤ ናኦኪ ኡራሳዋ ከራሱ ከ«አስትሮ ቦይ» አንድ ታሪክ ወስዶ ለአዋቂዎች የጻፈው ነውና። «ዶክተር ስቶን»ን ግን ለአንጋፋ ተመልካች አስቀድመን አንሰጥም። ኬሚስትሪው ብዙ ቁም ነገር አለው፤ ጩኸቱና ግነቱ ግን የአንድ ክፍል ያህል ትዕግሥት እንኳ አያስተርፍለትም። ለዘጠነኛ ክፍል ታናሽ ወንድም እጅግ ተስማሚ ነው።

ረጅም ክርክር ለሚወዱ፣ በተለይም የ«ጋላክሲው ጀግኖች»ን 110 ክፍሎች ለታገሡ፣ በ2024 የጀመረውን «ኦርብ»ን እንመርጣለን። በ15ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን ሐሳብ በስውር የሚያጠኑ ሰዎች ታሪክ ነው፤ ጥናቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በነፍስ ዋጋ ነው። እንደ ታሪክ መማሪያ ግን እንዳይወሰድ። ኮፐርኒከስ በ1543 መጽሐፉን ሲያሳትም መታሰቢያነቱን ያደረገው ለሮማው ጳጳስ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በሕመም ሞተ እንጂ አልተቃጠለም። መጽሐፉ የታገደው በ1616 ነው። ደራሲው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አገሩንም ሃይማኖቱንም በአንዳንድ ፊደል ብቻ የሚጠራቸው ሥራው ልብ ወለድ መሆኑን ለማመልከት ይመስለናል። ክፍሎቹ 25 ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት በአንድ ምሽት ማየት ይበጃል፤ ከሦስተኛው በፊት ማንም ፍርድ ባይሰጥ እንመርጣለን።