ሪፖርት መስማት ምክክር አይደለም!



ከንቲባ ለእድሮችና ለማኅበራት ስለ ከተማ ልማት ማብራሪያ ይሰጣሉ በተባለ ቁጥር የምናየው አንድ ነው። አዳራሽ ይሞላል፤ ፊልም ይታያል፤ ኪሎ ሜትር ይቆጠራል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ወደየቤት። በማግስቱ «ከኅብረተሰቡ ጋር ምክክር ተደረገ» ይባላል። ይህ ማኅበር የሚቃወመው ይህንኑ አባባል ነው። ያለቀ ነገር ሲነገረን ሪፖርት ነው። ምክክር ማለት ነገሩ ሳያልቅ መጠየቅ ነው።

እውነቱን እንነጋገር። የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ መንገድ ሰፍቷል፣ እግረኛ መሄጃ አግኝቷል፣ የብስክሌት መስመርና የሕዝብ መጸዳጃ ተሠርቷል፣ ጨለማ የነበረው ጎዳና በርቷል። ይህን የሚክድ ካለ ወጥቶ ይይ። ጭቃና ጭለማ ይመለስልን የሚል ከእኛ ውስጥ የለም።

ነገር ግን በዚያው ዓመት ዶሮ ማነቂያ ፈረሰ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ተከተለ። ቀደም ሲልም ልደታና ባሻ ወልዴ ችሎት ነበሩ። ታዲያ ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሪፖርት የማይቆጥረው ነገር አለ። ሰፈር ሲበተን ግማሹ ወደ አንድ ዳር፣ ግማሹ ወደ ሌላ ዳር ሲሄድ፣ የእድሩ ድንኳን፣ ብረት ድስቱና አግዳሚ ወንበሩ ማን ቤት ይገባል? ሃያና ሠላሳ ዓመት ወርኀዊ የከፈለች እናት ስትሞት ማን ይደርስላታል? በዱቤ እንጀራ ትሸጥ የነበረችው ሴት ደንበኞቿን ከየት ታምጣ? በእግሩ ሥራ ይገባ የነበረው የቀን ሠራተኛ የታክሲ ከየት ያምጣ? አዲሱ ቤት ቢያምርም ጎረቤት አብሮ አይሰጥም እኮ!

«የቀበሌ ቤት ተከራይ ምን መብት አለው?» የሚሉም አሉ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ በየአሮጌው ሰፈር ብዙው ሰው የቀበሌ ቤት ነዋሪ ነው። እኔ ጸሐፊያችሁ ከስድስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ቢሆንም የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ማንበብ አያቅተኝም። አንቀጽ 43 ዜጎች አካባቢያቸውን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት አላቸው ይላል። አንቀጽ 44 ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም ምክንያት የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ ማካካሻ ያገኛሉ ይላል። «ሁሉ» ነው የሚለው፤ «ባለቤቶች ብቻ» አይልም።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብላችሁ አዳራሽ ውስጥ አጨብጭባችሁ፣ ማታ ጠላ ቤት የምታጉረመርሙ ወገኖች፣ ጥፋቱ ግማሹ የእናንተ ነው። ከንቲባው ፊት ያልተነገረ ቅሬታ የለም ተብሎ ይመዘገባል። ግሬደር ከገባ ወዲያ መጮህ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ወደፊት ከማኅበራችን ለስብሰባ የሚላክ ማንም ሰው የሚከተሉትን ሳይጠይቅ እንዳይመለስ በጥብቅ እናሳስባለን።

1ኛ/ የሰፈራችን ፕላን ከመወሰኑ በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ወይ?

2ኛ/ የቀበሌ ቤት ነዋሪ፣ ደባልና ጉልት ነጋዴ ምን ይደረጋሉ?

3ኛ/ መነሣት ግድ ከሆነ አንድ እድር በአንድ ቦታ ይሰፍራል ወይ?

4ኛ/ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና አውቶቡስ ሰው ከመግባቱ በፊት ይዘጋጃል ወይ?

መልሱ ከነተናጋሪው ስም ተጽፎ እዚሁ ይለጠፋል። ልማት እንወዳለን፤ የምንወደው ግን ሳንበተን ነው።

እሑድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ተወካዮች ይመረጣሉ። «አልሰማሁም» ማለት አይቻልም፤ ይኸው ተለጥፏል።

የማኅበሩ ጸሐፊ