የወደቀው ወታደር ስም በተወለደበት ይጻፍ

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ የእናት አገር ጥሪ ከየክፍለ ሀገሩ ወጣቱን አሰባስቦ፣ በታጠቅ ጦር ሰፈር አሰልጥኖ ወደ ምሥራቅ ግንባር አዘመተ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ነፃ ወጣች። ለዚያ ድል የወደቁት ጀግኖች አዲስ አበባ ላይ በ1977 ዓ.ም. በተመረቀው የትግላችን ሐውልት ይታሰባሉ፤ አብረዋቸው የተሰለፉት የኩባ ታጋዮችም ምስል በዚያው ይገኛል።

ይሁን እንጂ ከሀዋሳ እስከዚያ ሐውልት ያለው ርቀት 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አስከሬን ሳታይ መርዶ ብቻ የሰማች እናት እርሟን የምታወጣው ልጇ በሰፈሩ ሰው ፊት በስሙ ሲጠራ ነው። ጉዳዩ ከ1990 እስከ 1992 እና ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄዱት ጦርነቶች ልጆቻቸውን ያጡትን ቤቶች ሁሉ ይመለከታል።

ስለሆነም በሀዋሳ የየቀበሌው አስተዳደር፣ ዕድሩና ትምህርት ቤቱ ተባብረው የወደቀውን ስም፣ ዕድሜውንና የወደቀበትን ግንባር መዝግበው በአደባባይ ሊያኖሩ ይገባል እንላለን። የ1970ው ዘማች ጓዶች ዛሬ አረጋውያን ናቸው። መዝገቡ አሁን ካልተከፈተ ነገ ተጠይቆ የሚመሰክር አይገኝም።