ፎቶ ካላየን አናምንም?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 የኤም 87 ጋላክሲ ብላክ ሆል ምስል ሲለቀቅ፣ «በቃ፣ አሁን መኖሩ ተረጋገጠ!» ያለው ሰው ስንቱ ነው? ዛሬም እንዲያ የሚል አለ። ለእኛ ግን አልተዋጠልንም። ብላክ ሆልን ያጋለጠው ከካሜራ በፊት ሰዓት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስቀል አደባባይን የሞላ ሕዝብ ያለ ድምፅ ማጉያ በአንድ ቅጽበት ጸጥ ሊል አይችልም፤ «ዝም በሉ» የሚለው ቃል ከፊት ተነስቶ ኋላ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። የአንድ ሚኒባስ ተሳፋሪ ግን ወዲያው ዝም ይላል። እንግዲህ ዓይናችንን ጨፍነንም ቢሆን፣ ጩኸቱ ከጠፋበት ፍጥነት ተነስተን የቦታውን ስፋት መገመት እንችላለን።

ሰማይ ላይም ሕጉ ያው ነው። መልእክተኛው ብርሃን ነው፤ ፍጥነቱም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር። በ1971 ኡሁሩ የተባለችው ሳተላይት ከሲግነስ ኤክስ-1 የሚመጣው ኤክስሬይ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከፍ ዝቅ ሲል አየች። በሰከንድ አንድ አሥረኛ ብርሃን የሚጓዘው 30,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የፀሐይ ወርድ እንኳ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይሆናል! የጋለው ጋዝ የሚብለጨለጨው እጅግ ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው ማለት ነው።

«ኒውትሮን ኮከብም እኮ ይብለጨለጫል» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ብልጭታ ብቻውን አይፈርድም። ለዚህም ነው ሉዊዝ ዌብስተርና ፖል መርዲን፣ ለብቻውም ቶም ቦልተን፣ በ5.6 ቀን አንዴ ከማይታይ ጓደኛው ጋር የሚዞረውን ግዙፍ ኮከብ ተከታትለው የጓደኛውን ክብደት የገመቱት። ለኒውትሮን ኮከብ የሚበዛ ሆኖ ተገኘ። በ2021 የታተመው ልኬት 21 ፀሐይ ያህል ያደርሰዋል። በ1974 «ብላክ ሆል አይደለም» ብሎ የተወራረደው ስቲቨን ሆኪንግ እንኳ በ1990 እጁን ሰጥቷል፤ ከፎቶው 29 ዓመት በፊት!

የሚያንገበግበን ደግሞ ሌላ ነው። ኡሁሩ የተተኮሰችው ከጎረቤታችን ከኬንያ፣ ከማሊንዲ ባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት፣ በኬንያ የነፃነት ቀን ዲሴምበር 12 ቀን 1970 ነበር። ስሟም በስዋሂሊ «ነፃነት» ማለት ነው። ስንቶቻችን ይህን ተምረናል?

ምስል በኮምፒውተር እንደልብ በሚፈበረክበት በዚህ ዘመን «ካላየሁ አላምንም» ማለት ጥንቃቄ መሆኑ ቀርቷል። ወዳጆቻችን፣ ፎቶውን ስታጋሩ አንድ ጥያቄ አብራችሁ አጋሩ፦ «እንዴት አወቁ?»