ከባሕር ማዶ የሚመጣው የልብ እንክብል

በመንዝ ሞላሌ የደም ብዛት ነገር ሲነሳ ሁለት ዓይነት መድኃኒት ይጠቀሳል፤ ጤና ጣቢያው የሚሰጠው ኪኒንና ልጅ ከውጭ አገር የሚልከው የዓሣ ዘይት። ሁለተኛው ወርቃማ፣ ለስላሳ እንክብል ነው። ጠርሙሱ ላይ ኦሜጋ ስሪ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ልብ ተስሎበታል። ይዋጥ ወይስ ይቅር? ሁለቱም ወገን እውነት ስለያዘ በችኮላ የሚፈረድ አይደለም።

ይዋጥ የሚሉት ከአመጋገብ ይጀምራሉ። መንዝ ገብስና በግ እንጂ ዓሣ የዘወትር ምግቡ አይደለም። አጽዋማቱን ሁሉ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ከዓመቱ እኩሌታ በላይ ከሥጋና ከወተት ርቆ ይኖራል። በዓሣ ውስጥ ያሉትን ኢፒኤና ዲኤችኤ የተባሉ የኦሜጋ ስሪ ስቦች ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ የጎደለውን መሙላት ምን ክፋት አለው ይላሉ። ማስረጃም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 በታተመ የጣሊያን ጥናት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም አጋጥሟቸው ከተረፉ ከ11 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል በቀን አንድ ግራም የዓሣ ዘይት በወሰዱት ላይ ሞት ቀንሶ ታይቷል።

ይቅር የሚሉት ከዚያ ወዲህ የመጣውን ይቆጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ የወጣው የአሜሪካ ቫይታል ጥናት 25,871 ሰዎችን አምስት ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ አንድ ግራም የዓሣ ዘይት ዋና ዋና የልብና የደም ሥር አደጋዎችን ጉልህ በሆነ መጠን እንዳልቀነሰ አሳይቷል። በዚያው ዓመት 15,480 የስኳር ሕሙማን ላይ የተደረገው የእንግሊዝ ጥናትም ከዚህ አልተለየም። ትራይግሊሰራይድ በተባለ የደም ስብ ብዛት ለሚቸገሩ ሰዎች በሐኪም የሚታዘዝ የተጣራ ኢፒኤ በቀን 4 ግራም ተሰጥቶ አደጋውን በ25 በመቶ የቀነሰበት ጥናት አለ። ግን ለንጽጽር የተሰጠው የማዕድን ዘይት ራሱ ጎጂ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ክርክር ተነሥቶበታል። ኢፒኤና ዲኤችኤን ቀላቅሎ በዚሁ መጠን የሰጠው ሌላ ጥናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥቅም ስላልታየበት ተቋርጧል። በሁለቱም የልብ ምት መዛባት ጨምሮ ታይቷል።

ለጤነኛ ሰው ወይም ደም ብዛት ብቻ ላለበት ሰው የአንድ ግራም እንክብል ጥቅም ትንሽ ነው ወይም የለም ብዬ አምናለሁ። ልጁ የላከው በፍቅር መሆኑ ግን አይካድም፤ እናቱን «ተይው እማዬ» ማለት ቀላል አይደለም።

የደጋው ሰው ራሱ የያዘው ነገር ደግሞ አለ። ከተልባ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኤኤልኤ የተባለ ኦሜጋ ስሪ ነው። ሰውነት ይህን ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው በጣም በጥቂቱ ስለሆነ፣ ተልባ የዓሣ ምትክ ነው የሚሉ ያጋንናሉ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ የካናዳ ጥናት፣ የእግር ደም ሥር የጠበበባቸው 110 ሰዎች በሁለት ተከፍለው አንዱ ወገን በየቀኑ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለስድስት ወር ሲወስድ፣ የላይኛው የደም ግፊታቸው ከሌላው ወገን በ10 ነጥብ ያህል ዝቅ ብሏል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ግን ተልባ ተቆልቶና ተወቅጦ በጾም የሚጠጣበት ቤት ይህን ቢያውቅ ደግ ነው። ገብሱም ቢሆን ቤታ ግሉካን የተባለ፣ መጥፎውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ አሰር አለው። በሶም ይህን ጥቅም ይዞ ይደርሳል። ጨው ግን ያሳስበኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የኢትዮጵያዊ አዋቂ የቀን ጨው በአማካይ 8 ግራም ገደማ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው። እንክብል ይህን አያካክስም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ እንክብሉን ይዞ ኪኒኑን መተው ነው። ደም ብዛት አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ስለዚህ ሰው የዳነ ይመስለዋል። አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል ግፊትን የሚቆጣጠረው በየቀኑ ሲወሰድ ነው። ለእንክብሉ ወገን ግን አንድ ነገር መፍቀድ ይገባል፤ ኪኒኑ ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ያገኘውን ቢይዝ አይወቀስም። መፍትሔው ኪኒኑ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው።

በአገራችን የልብ ሕመም ሌላም መልክ አለው። ብዙ ልጆችንና ወጣቶችን የሚጎዳው ሩማቲክ የልብ ሕመም በጊዜው ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ይነሣል። እሱን የሚከላከለው ፔኒሲሊን ነው፤ የዓሣ ዘይት ጭራሽ አይነካውም። የልቡ ቫልቭ በብረት ተቀይሮለት ዋርፋሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ደግሞ የዓሣ ዘይትም ሆነ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ አለበት፤ መድማት ሊበረታበት ይችላል።

ጠርሙሱ ከመጣ ጣሉት አልልም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛችሁት ሂዱና ለነርሷ አሳዩ፤ ምን ያህል ኢፒኤና ዲኤችኤ እንዳለበት ጀርባው ላይ ተጽፏል። ውጭ አገር ያለው ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ምን ልላክ ብሎ ከጠየቀ፣ የክንድ የደም ግፊት መለኪያ ይላክ በሉት። የሚለካውን ቁጥር ቀኑን ጨምሮ በደብተር ይዞ መሄድ፣ ሐኪሙ ኪኒኑን እንዲያስተካክል ከየትኛውም እንክብል ይበልጥ ይረዳዋል።