ከሕንጻው ባሻገር፡ የትምህርት ቤት ድባብ ለምን አልተመዘነም?

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በ2015 ዓ.ም መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ይፋ ሲሆን፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸው መገለጹ ይታወሳል። 1 ሺህ 161 ትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም ፈተና የአላፊዎቹ ድርሻ ወደ 8 ነጥብ 4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ የሚናቅ ባይሆንም ከአሥር ተፈታኞች ዘጠኙ አሁንም ከመስመሩ በታች ናቸው።

ለውጤቱ ማነስ የመጻሕፍት እጥረት፣ የክፍሎች መጨናነቅና የመምህራን ብቃት በቅድሚያ ይነሳሉ። ሁሉም ትክክለኛ ምክንያቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ፈተናው ከትምህርት ቤት ግቢ በወጣበት ዓመት ውጤቱ ይህን ያህል ማሽቆልቆሉ፣ ኩረጃ የጥቂት ሰነፎች አመል ሳይሆን ብዙዎች አይተው የሚያልፉት ልማድ ሆኖ መቆየቱን ያመለክታል። ይህ ደግሞ የግብዓት ሳይሆን የትምህርት ቤት ባህል ጉዳይ ነው።

ጉዳዩ ለዘርፉ እንግዳ አይደለም። ከ1999 ዓ.ም ጀምሮ የተተገበረው የትምህርት ቤት ማሻሻያ መርሐ ግብር ከያዛቸው አራት ዐበይት ጉዳዮች አንዱ ምቹና ደህንነቱ የተጠበቀ የትምህርት አካባቢ መፍጠር ነበር። ትምህርት ቤቶችም ራሳቸውን ገምግመው የሦስት ዓመት ዕቅድ እንዲያወጡ ይጠበቅ ነበር። በተግባር ግን "ምቹ" የሚለው ቃል በአመዛኙ አጥር፣ መጸዳጃ ቤትና ተጨማሪ ክፍል ተብሎ ተተረጎመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ክፍል ይቆጠራል፣ ለወረዳና ለዞን በሚላክ ሪፖርትም ይሞላል። መምህርና ተማሪ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚተማመኑ የሚሞላበት ሰንጠረዥ የለም።

የአንድ ትምህርት ቤት ድባብ በአብዛኛው ከጠዋቱ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ይጀምራል። ያረፈደ ተማሪ በር ሲዘጋበት ያረፈደ መምህር ምንም የማይባል ከሆነ፣ በዕለቱ የሚሰጠው የሥነ ዜጋ ትምህርት ገና ክፍል ሳይገባ ፈርሷል። ሴት ተማሪ ስለደረሰባት ትንኮሳ የምትነግረው ሰው ማጣቷ፣ ወላጅ ለመዋጮ ወይም ለልጁ ጥፋት ካልሆነ በቀር አለመጠራቱ፣ ክበባት በወረቀት ላይ ብቻ መኖራቸው ከዚሁ ጋር የሚታዩ ናቸው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ሕጻናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ድንጋጌው ተገቢ መሆኑ አያጠያይቅም። ችግሩ ያለው በዱላው ፋንታ ምን እንደሚተካ ለመምህሩ በበቂ ሁኔታ ያሳየው አለመኖሩ ላይ ነው። በመሆኑም አንዱ በድብቅ መማታቱን ሲቀጥል፣ ሌላው ሥርዓት ማስከበሩን ጨርሶ ተወው። በ1997 ዓ.ም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርትም፣ በጎ ዓላማ የነበረው ቢሆንም፣ መምህሩን በገዛ ክፍሉ የማያ ሰሌዳ ረዳት በማድረግ ተሰሚነቱን እንደቀነሰበት ይህ ጸሐፊ ያምናል።

በአዲሱ የትምህርት ፖሊሲ 7ኛና 8ኛ ክፍሎች መካከለኛ ደረጃ ተብለው ራሳቸውን ችለዋል። ይህ ለአመራሩ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ያለ ታዳጊ ከመምህሩ ቃል ይልቅ የእኩዮቹን ዓይን የሚፈራ በመሆኑ፣ የትምህርት ቤቱ ልማድ በቶሎ ይጋባበታል። አዲሱ ደረጃ ግን በብዙ አካባቢዎች ከስያሜ ለውጥ አልፎ የራሱ አሠራር እንዲኖረው ርዕሰ መምህሩ ጊዜ ያስፈልገዋል። አሁን ያለበት ሁኔታ ይህን አይፈቅድለትም። የሳምንቱን ሰፊ ክፍል በስብሰባና በሪፖርት የሚያሳልፍ ርዕሰ መምህር ክፍል ገብቶ ትምህርት የሚከታተልበት ሰዓት አይተርፈውም።

ለድጋፍና ክትትል ወደ ትምህርት ቤቶች የሚሄዱ ሱፐርቫይዘሮች ቅጻቸውን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከመሙላታቸው አስቀድመው፣ በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ ቆመው ተማሪዎችን ቢያነጋግሩ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም።